ነጭ ዱቄት በጥቁር ጃኬት ላይ፦ የአንድ የጀጎል ቤት ጉዳይ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እንግዳ ጀርባ ነው። ታኅሣሥ 2015 ላይ አራት ጎብኚዎች ይዤ፣ ከሐረር ኤረር በር ብዙም ወደማይርቅ አንድ «ጌይ ጋር»፣ ማለትም ባህላዊ የሐረሪ ቤት፣ ገባን። ቁቲ (የቡና ቅጠል ሻይ) ጠጣን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ጫማችንን አድርገን ወጣን። ጠባቡ መንገድ ላይ ከፊቴ የሚሄደው ሰውዬ ጥቁር ጃኬት ከትከሻው እስከ ወገቡ ነጭ ሆኗል። ወፍጮ ቤት ተደግፎ የወጣ ይመስላል። አራገፍኩለትና ሳላስበው ጣቴን ላስኩ። ጨው ነው።

ያን ቀን «የቤት አቧራ ነው፣ ይቅርታ» ብዬ አለፍኩ። ከስምንት ወር በኋላ ያ ግድግዳ ወረደ። በመካከሉ የሆነውንና ከዚያ በኋላ የሆነውን የምጽፈው፣ «የታደሰ ቤት» እያልን እንግዳ የምናስገባ አስጎብኚዎችም፣ ቤት የሚያሳድሱ ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ነገር ሲገጥማቸው ስለማይ ነው። የቤቱን እመቤት ስም አልጽፍም፤ ሰፈሩንም ከዚህ በላይ አልጠቁምም። እሳቸውም የፈቀዱልኝ በዚህ ነው።

ሐረርን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። በግንቡ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ጀጎል ትባላለች። ግንቡን ሕዝቡ ከጥንቱ የከተማዋ ገዥ ከአሚር ኑር ጋር ያያይዘዋል፤ ዩኔስኮ ግን ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ይላል። በ1998 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች ተቆጥረውላታል። ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህንን፣ ማታ ደግሞ ጅብ ሲበላ ለማየት ነው። ወደ ሀገሩ ሲመለስ የሚያወራው ግን ስለ ቤት ነው። እኔም ይህን ካወቅሁ በኋላ መንገዴን ቀየርኩ። ከፈረስ መገላ ተነሥተን፣ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀሮች በሚንጫጩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ወርደን፣ መጀመሪያ ሁለት ቤቶች እናያለን። አንደኛው የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ነው፤ ይህን ባለ ቀለም መስታወት የእንጨት ፎቅ ግን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ሁለተኛው የራስ ተፈሪ ቤት ነው፤ ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ የብራና፣ የገንዘብና የጌጣጌጥ ስብስብ የሚታይበት። ሁለቱም ያምራሉ፤ ሁለቱም ውስጥ ግን ማንም አይተኛም። ሦስተኛው ቤት ላይ እንግዳው የሚለሰልሰው፣ ማድጋው ውሃ ስላለበትና ከጓዳ የሽንኩርት ሽታ ስለሚመጣ ነው።

ሦስተኛው ቤት ስማቸውን የማልጽፈው የእመቤቲቱ፣ የእማማ ቤት ነበር።

ጌይ ጋር ከውጭ ምንም አይናገርም፤ ግንብና በር ብቻ ነው። ግቢውን አልፈህ ጊዲር ጋር የሚባለው ትልቁ ክፍል ስትገባ ቤቱ እንደ ደረጃ ከፊትህ ይነሣል። ወንበር የለም፤ ያለው ነደባ ነው፣ ከድንጋይና ከአፈር የተገነባ፣ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ። አምስት ናቸው፤ አራቱን ልጥቀስ። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚገባውን የሚወጣውን ያያል። ሱትሪ ነደባ ከዕይታ ዞር ያለው ነው። ከበሩ ኋላ ያለው ደግሞ ለወጣትና ዘግይቶ ለመጣ ሰው ነው። ጊዲር ነደባ ትልቁ፣ እንግዳ ተደርድሮ የሚቀመጥበት ነው። ከበላዩ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት ጣቄቶች ይገኛሉ፤ አፍላላ የሚባለው የዕቃ ማስቀመጫ፣ ሰሃኑ፣ ቁርአኑ የሚቀመጥባቸው። ሌላው ግድግዳ በእናቲቱና በልጆቻቸው እጅ በተሰፋ ስፌት ተሸፍኗል። አንድ ረጅም ፈረንሳዊ አንድ ጊዜ ሳይጠይቅ አሚር ነደባ ላይ ተንሰራፋ። እማማ አዩትና፣ «ተወው፣ ዛሬ ባልም አግኝቻለሁ» ብለው ቁቲውን መጀመሪያ ለእርሱ ቀዱለት።

የነደባው ቀይ ቀለም ሁልጊዜ ይጠየቃል። እኔ የምመልሰው ሐረር ውስጥ የሚነገረውን ነው፦ በጥር 1879 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው። እማማ አንድ ቀን ስተርክ ሰሙኝና፣ «እውነትህን ነው፣ ልጄ። እኔ ግን የማውቀው ቀዩ አፈር በየዓመቱ ትከሻዬን እንደሚሰብረው ነው» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነበር።

ቤቱ የታደሰው በ2013 ነው። ውጭ ሀገር ያለ የእህታቸው ልጅ ገንዘብ ላከ። ከኮሮናው ጭርታ አልወጣንም ነበር፤ ሥራ ስለሌለ ሠራተኛ በርካሽ ይገኛል። አንድ የታወቀ ተቋራጭ መጣና በሦስት ሳምንት ጨረሰው። የውስጡ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለሰነ። ነደባው በቀይ ዘይት ቀለም ተቀባ። የግቢው አፈር ሊሾ ሆነ። ጣሪያው ቀድሞም ከአፈር ወደ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ እሱ አልተነካም። ቤቱ አበራ፣ በእውነት አበራ። እማማ የዘይቱን ቀለም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ እያደረጉ፣ «ከአፈር ተገላገልኩ» ይሉኝ ነበር። በዚህ አልፈርድባቸውም። ከዓመት ዓመት በጉልበታቸው ተንበርክከው ቀይ አፈር ሲቀቡ የኖሩ ሴት ሲሚንቶን ቢወዱ ምን ይገርማል? ስለ ቅርስ የምናወራ ሰዎች ይህን ድካም አንቆጥረውም።

እኔ ቤቱን ያገኘሁት በ2014 ነው። «የታደሰ ባህላዊ ቤት» አልኩት፤ እንግዳው ወደደው። ገንዘብ በእጅ አይቀበሉም ነበር፤ ከበሩ አጠገብ አንዲት ሙዳይ ትቀመጣለች፣ የወጣ ሰው የፈቀደውን ይጥላል፣ እሳቸው ወደዚያ አያዩም። በሙዳይዋ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ይማራል። ስለዚህ ከጃኬቱ ነገር በኋላ አንድ ቀን ብቻዬን ሄጄ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው፣ ከላይ ድፍን፣ ከነደባው በላይ ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ሲጮኽብኝ፣ ዝም አልኩ። ወቅቱ ጥር ነበር፤ እንግዳ በብዛት የሚመጣበት። በዚህ ጉዳይ ውስጥ የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ ሰባት ወር ሙሉ ባዶ ግድግዳ ሥር ሰው አስቀመጥኩ።

ነሐሴ 2015፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ካደረ በኋላ፣ ንጋት ላይ ስልክ ተደወለ። «ና፣ ግድግዳው ወረደ።» ስደርስ የበር ሳንቃ የሚያህል የሲሚንቶ ልስን ጊዲር ነደባው ላይ ተኝቷል። ሲወድቅ ሁለት አፍላላ ሰብሯል። ከኋላው የያዘው ጭቃ አብሮት ወርዷል። የተራቆተው ግድግዳ ድንጋይና የረጠበ አፈር ነው፤ ሽታው የጉድጓድ ነው። እማማ የተሰበረውን አፍላላ እየለቀሙ ነበር። ስለ ግድግዳው ምንም አላሉም፤ አፍላላው የእናታቸው ነበር።

ተቋራጩን ደወልንለት፤ መጣና የሲሚንቶው ጥራት ነው አለ። በሌላ ሲሚንቶ፣ ውሃ መከላከያ ተጨምሮበት፣ ወፍራም ሆኖ ይለሰን። ከውጭ ሆኖ በቪዲዮ የሚያየው የእህት ልጅም ተስማማ። ያን ጊዜ ነው ጎረቤት አንድ አሮጌ ግንበኛ ይጠራ ያለችው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጀጎል ግንብ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ አሁን በቀን ሥራ የማይገኝ።

ግንበኛው የወደቀውን ግድግዳ አላየም። ወጣና ግቢው መካከል ቆሞ ወደ ላይ ወደ ቆርቆሮው አንጋጠጠ። ቀጥሎ ወደ እግሩ ወደ ሊሾው ጎነበሰ። ቀጥሎ የማድጋ ውሃ አስመጥቶ ሊሾው ላይ ደፋ። ውሃው ሮጠና ግድግዳው ሥር ገብቶ ቆመ። «ጨርሰናል» አለ።

ያስረዳን ይህን ነው፤ እኔም በኋላ ከሌሎች ሰዎችና ከሌሎች ቤቶች ያረጋገጥኩት ነው። የጀጎል ቤት ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የሚያያይዘው ግን ጭቃ ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ቢጠጣም ችግር የለበትም፤ በጠጣበት ልክ በሁለት ጎኑ ያስተነፍሳል። ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ይደርቃል። ቆርቆሮው አሸንዳ ስለሌለው የጣሪያው ውሃ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ግቢው አፈር ሳለ ውሃው ሰርጎም ተንኖም ያልቅ ነበር፤ ሊሾ ሲሆን ግን መሸሻው ግድግዳው ብቻ ሆነ። ውስጡ በሲሚንቶ ስለታሸገ፣ ነደባውም በዘይት ቀለም ስለተደፈነ፣ ውሃው መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፋኖስ ውስጥ ጋዝ በክሩ እንደሚወጣ። ሲወጣ ከአፈሩና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ ነው። ስንጥቅ ባገኘበት ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። እዚያው ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ያብጣል፣ ሲያብጥ ልስኑን ከጭቃው ይፈለቅቃል። የእንግዳዬ ጃኬት ላይ የነበረው ነጭ ዱቄት ይህ ነው። ጨው የሚታየው ከነደባው በላይ፣ የተቀመጠ ሰው ጀርባ ከሚያርፍበት ከፍታ ላይ የሆነውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነደባው ራሱ የአፈር ክምር ስለሆነ ውሃውን ተሸክሞ እዚያ ያደርሰዋል።

የእህት ልጁ በስልክ ተከራከረ፤ ውሃ መከላከያ ያለው ሲሚንቶ ይህን አይፈታም ወይ? ግንበኛው ስልኩን ተቀበለኝና፣ «የፈላ ድስት ክዳኑን ብታጠብቅበት ውሃው ይደርቃል?» አለው። ለትንሽ ጊዜ ዝምታ ሆነ። በእኔ ግምት ያሸነፈው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ የአንድ ተቋራጭ ስህተት ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ዩኔስኮ ስለ ጀጎል ባሰፈረው መግለጫ ላይ ከሥጋቶቹ መካከል የተዘረዘሩት እነዚሁ ናቸው፦ አላግባብ መለሰን፣ የእንጨት በርን በብረት መለወጥ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቴሌቪዥን አንቴና። ያን ዝርዝር ሳነብ ይመስለኝ የነበረው የመልክ ጉዳይ ነው፤ ፈረንጅ ፎቶው እንዲያምርለት የሚል። የወደቀውን ግድግዳ ካየሁ በኋላ ግን የመጀመሪያውና ሦስተኛው አብረው ሲመጡ ቤት እንደሚያፈርሱ ገባኝ። አንቴናውን እስካሁን ለምን እንደሚጠሉት አላውቅም፤ እማማ ያለ ድራማ ማታ አይመሽላቸውም።

ፈቃድ ተጠይቆ ሥራው የተጀመረው ጥቅምት 2016 ላይ ነው። መጀመሪያ ከውጭ ተጀመረ፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ከውስጥ መጀመር ይፈልጋል። ለቆርቆሮው አሸንዳ ተገጠመለት፣ ውሃው በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ተመራ። ሊሾው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ተቆርጦ ተነሣ፣ በቦታው ጠጠር ተሞላ። ከዚያ በኋላ ነው ውስጥ የተገባው። ሲሚንቶው እስከ ደረት ከፍታ ተፈልቅቆ ወረደ፤ ከላይ ደህና የያዘው ተተወ። የነደባው ዘይት ቀለም በመፋቂያ ተነሣ፤ አራት ቀን የፈጀውና እጅ ያላጠው እሱ ነው። በድንጋዮቹ መካከል የወረደው በጭቃና በጭድ ተሞላ፤ ድንጋዩ ግን እንደወጣ ነው፤ ጭቃው ግቢው ጥግ ቦክቶ ቀናት ሰንብቷል፣ ጎረቤት ስለ ሽታው አጉረምርሟል።

ከዚያ ግንበኛው ሥራውን አቆመ። «ይድረቅ» አለ። ስንት ጊዜ ብንለው ሁለት ክረምት አለ።

የቀለደ መሰለን። በኋላ አንድ የጥገና ባለሙያ ጠየቅሁ፤ እነሱም ጋ በልማድ የሚሠሩበት ግምት አለ፦ የረጠበ ግድግዳ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። የእማማን ግድግዳ በሜትር ለካሁት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ። 24 ወር። ግንበኛው ሜትርም ሰንጠረዥም አልያዘም።

ችግሩ ሰርግ ነበር። የልጃቸው ልጅ ከረመዳን በፊት፣ በየካቲት 2016 ትዳራለች፤ ሙሽሪትም የምትቀመጠው በዚሁ ቤት ቂርጣት በሚባለው ትንሽ ክፍል ነው፤ አፎቻው (የመረዳጃ ማኅበሩ) ሁሉ ጊዲር ጋር ገብቶ ይቀመጣል። ድንጋዩ በወጣ ግድግዳ ፊት? እኔ በነበርኩበት አንድ ማታ ሦስት የቤተሰቡ ሴቶች፣ ግንበኛውና እማማ ተቀምጠው ነገሩ ጦዘ። ታላቂቱ ልጅ፣ «ሰው ምን ይለናል፣ ለሰርጉ ብቻ እንለስነውና በኋላ እናፍርሰው» አለች። ግንበኛው መልስ አልሰጠም፤ ተነሥቶ ሊሄድ ጫማውን ፈለገ። እማማ ናቸው የፈቱት። ለሰርግ ግድግዳው ላይ ምንጣፍ መስቀል የጌይ ወግ ነው፤ «ምንጣፉ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» አሉ። ምንጣፍ ተሰቀለ፤ በሠርጉ ማግስት ወረደ። አንድ ሳምንት እንኳ ቢቆይ ግድግዳው እንደሚታፈን ግንበኛው ስላስጠነቀቀ፣ ቀኑን የቆጠሩት ራሳቸው እማማ ናቸው።

ጉብኝቱስ? ይህ ክፍል ለእኔ ያልጠበቅሁት ነበር። መጀመሪያ ቤቱን ከመንገዴ አወጣሁት፤ ቆሻሻ ግድግዳ ማን ያያል ብዬ። ሙዳይዋ ባዶ ሆነች። ኅዳር ላይ እማማ ጠሩኝና፣ «ቤቴ ሞቷል ወይ?» አሉኝ። ማፈሬን ደብቄ በማግስቱ ሁለት ሰዎች አመጣሁ፤ የተራቆተውንም እንደ አካል ጉዳት ሳልሸፍን አሳየኋቸው፤ ይህ ድንጋይ ነው፣ ይህ ጭቃ ነው፣ ይህ ጨው ነው፣ ይህ እኛ የሠራነው ስህተት ነው። ሴትዮዋ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆየች። «ቀዝቃዛ ነው» አለች። ባሏ ደግሞ የእናቱ ቤት ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት ነገረኝ፤ የተሠራውም በድንጋይ ነው፣ የታሸገውም በሲሚንቶ ነው። ቀድሞ ሃያ ደቂቃ የማይሞላው ጉብኝት አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ለቀለሙና ለፎቶው የሚመጣው ስፌቱን ብቻ አይቶ ይወጣል፣ መብቱ ነው። ስለ ጣሪያ የሚጠይቁት ግን በዙ።

እኔም የምለው ተቀየረ። «የታደሰ» የሚለውን ቃል ተውኩት። ጌይ ጋር በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ታድሶ የሚኖር ቤት እንጂ አንድ ጊዜ ታድሶ የሚያልቅ አይደለም። ድካሙን አንድ ሰው ይሸከመዋል፤ በዚህ ከተማ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ሲሚንቶው የገባው ድካሙን ለማስቀረት ነው፤ ስለዚህ ሲሚንቶውን ስናወጣ ድካሙን ማን ይውሰደው የሚለውን ካልመለስን እማማ ነገ ሌላ ተቋራጭ ይጠራሉ፣ ልክም ናቸው። በዚህ ቤት ያገኘነው መልስ ትንሽ ነው፦ ከሙዳይዋ ገንዘብ የተወሰነው ተለይቶ ይቀመጣል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ወጣት ሴቶች ተከፍሏቸው ቀዩን አፈር ይቀባሉ፣ እማማ አሚር ነደባ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሦስት ጊዜ አስፍቀዋቸዋል፤ አንዴ ቀጥኗል፣ አንዴ ወፍሯል፣ አንዴ ምክንያቱን አልነገሩንም።

ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ ግንበኛው መጥቶ የእጁን ጀርባ ግድግዳው ላይ አኖረ። ከደረት እስከ ወገብ ደርቋል፤ ከነደባው በላይ ያለችው አንድ ስንዝር ግን ገና ናት። የላይኛው ኖራ ተቀባ። ያቺ ስንዝር ክፍት ቀረች። እማማ ፊቷ ሦስት ስፌት ደረደሩባት፤ ግንበኛው አየና ስፌቶቹን አንድ ጣት ያህል ከግድግዳው አራቃቸው።